ምርት ይለግሳል ወይ?

ጥያቄ፦ ከእነዋሪ የጻፉልን መምህር እንዲህ ይላሉ፦ «ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከእንግሊዝኛ የመጣ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ‹ባውንቲ› እና ‹ባውንቲፉል› የሚሉት ቃላት በየገጹ ይመጣሉ። ያየሁት መዝገበ ቃላት ‹ልግስና፣ ቸርነት› ስለሚል ‹ባውንቲፉል› የተባለውን ምርት ‹ለጋስ ምርት› ብዬ ጻፍኩት። ባልደረባዬ ግን አማርኛ አይደለም ብለው ተከራከሩኝ። ማናችን ነን ልክ?»

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ምርት ይለገሳል እንጂ አይለግስም። «ለጋስ» ሰጪ ይፈልጋል፤ እጅ ያለው፣ ሳይሰስት የሚዘረጋ። መዝገበ ቃላቱ የነገረዎት ውሸት አይደለም፣ የቃሉን ግማሽ ብቻ ነው እንጂ።

የእንግሊዝኛው «ባውንቲ» ሥሩ ላቲን ነው፦ «ቦኒታስ»፣ ማለትም ደግነት። በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ቦንቴ» አልፎ እንግሊዝኛ ገባ። በመጀመሪያ ደግነት ነበር፤ ቀጥሎ የደጉ ሰው ስጦታ ሆነ፤ ስጦታው ሲበዛ ደግሞ ብዛቱ ራሱ በዚያው ስም ተጠራ። በጎን በኩል ወንጀለኛ ለያዘ ሰው የሚከፈለው ገንዘብም «ባውንቲ» ተባለ። አራቱንም አንድ ቃል ይሸከማቸዋል።

የኛ «ቸር» የዚህን መንገድ ግማሽ አብሮ ሄዷል። «ቸር ወሬ አሰማኝ»፣ «ቸር ሰንብት» ስንል መልካም ማለታችን ነው፤ «ቸር ሰው» ስንል ግን የሚሰጥ ሰው ነው። ከመልካምነት ወደ ሰጪነት ተሻገረ፣ እዚያም ቆመ። ወደ ጎተራ አልገባም። ስለዚህ «ቸር ምርት» ማለትም አያወጣዎትም።

ሲተረጉሙ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይጠይቁት፦ የሚያወራው ስለ ሰጪው ነው፣ ስለተሰጠው ነው፣ ወይስ ስለበዛው?

ስለ ሰጪው ከሆነ «ለጋስ»፣ «ቸር»፣ «ደግ» አሉልዎ። እዚህ ላይ በየጋዜጣው የሚታይ ስሕተት አለ፤ «ለጋስ» እና «ለጋሽ» ይደበላለቃሉ። «ለጋሽ» ከ«ለገሰ» የወጣ አድራጊ ነው፣ እንደ ወረሰ ወራሽ፣ ለበሰ ለባሽ። ደም ለጋሽ፣ ለጋሽ አገሮች እንላለን፤ ሰጠ ማለት እንጂ ጠባዩ ሰጪ ነው ማለት አይደለም። «ለጋስ» ጠባይን ይነግራል። አንድ ጊዜ ደም የሰጠ ስስታም ለጋሽ ነው፣ ለጋስ ግን አይደለም። ስማቸውም እንዲሁ ይለያያል፦ ድርጊቱ ልገሳ፣ ጠባዩ ልግስና። ደግሞ በእጅ አመሳስሎ ለመግለጽ ሲሞክሩ «እጀ ረጅም» እንዳይሉ፤ ያ ሌባ ነው።

ስለተሰጠው ነገር ከሆነ «ስጦታ» አይሳሳትም። «ችሮታ» ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከበላይ ወደ በታች፣ ሳይገባው ለተሰጠው ሰው የሚባል ነው፤ «መብቴ ነው እንጂ ችሮታ አይደለም» የሚለውን ያስታውሱ። ማኅበሩ ለአባላቱ ያከፋፈለውን የትርፍ ድርሻ «ችሮታ» ብለው ቢጽፉ የገዛ ገንዘባቸውን እንደ ምጽዋት አደረጉባቸው ማለት ነው፣ ቅር ይላቸዋል። ወንጀለኛ ለያዘ ወይም የጠፋ ለመለሰ የሚከፈለው «ወሮታ» ነው፤ «ላገኘልኝ ወሮታውን እከፍላለሁ» የሚለው የጠፋ ዕቃ ማስታወቂያ በቂ ምስክር ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ሦስተኛው ነው፣ የበዛው። እዚህ አማርኛ ሀብታም ነው። «የተትረፈረፈ» ሞልቶ መፍሰስን ያሳያል፤ የእንግሊዝኛው «አበንዳንት» የሚወለድበት የላቲን ግሥም መፍሰስ፣ ማጥለቅለቅ ስለሆነ ሁለቱ ምስላቸው ሳይቀር ይገጥማል። «ጥጋብ» ለዘመን ይሆናል፦ የጥጋብ ዘመን። ለሰው ግን «ጥጋበኛ» ስድብ ስለሆነ ገበሬውን በዚህ ቃል አይጠጉት። «ሲሳይ» የዕለት ምግብ ነው፤ ብዛትን ብቻውን አይናገርም።

«በረከት» ከሁሉም ይለያል። ብዛት የሚቆጠር ነገር ነው፤ በረከት ግን የሚታየው ሲበላ ነው። ሃያ ኩንታል አግብቶ ክረምት ሳይገባ ጎተራው የተራቆተ «እህሌ በረከት የለውም» ይላል። አሥር ኩንታል ይዞ ዓመቱን የዘለቀ ደግሞ «በረከተልኝ» ይላል። ግሡን በየቀኑ እንጠቀምበታለን፤ «ይህ ጫማ አይበረክትም» ስንል ቶሎ ያልቃል ማለታችን ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ተገኘ የሚል ከሆነ «የተትረፈረፈ ምርት» ይበሉ። መልካም ምኞት ከሆነ «የበረከት ዘመን ያድርግላችሁ»። ቦታቸውን ካለዋወጧቸው ሪፖርቱ ምርቃት፣ ምርቃቱም ሪፖርት ይመስላል።

ምርቃት ካልኩ ዘንድ፣ ሰጪነትን እና መብዛትን እንደ «ባውንቲ» ያጣመረ ቃል አማርኛም አለው። ገበያ ይውጡ። ጤፍ ሻጯ ቁናውን ቆልላ ሰፍራ ስትጨርስ ገዢው «መርቂልኝ» ይላታል፤ እሷም እፍኝ ዘግና ትጨምርለታለች። ያ እፍኝ «ምራቂ» ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ በቃል ነው፣ ነጋዴ ሲመርቅ በእህል። ከልኩ በላይ መስጠትና ይብዛልህ ማለት በአንድ ግሥ መግባታቸው በጣም ደስ ይለኛል። ለትርጉምዎ ግን ምራቂ እፍኝ ነው፤ ለአንድ ወረዳ አዝመራ ይጠብበታል።

የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ምርቱን ትቶ መሬቱን «ባውንቲፉል» ያለበት ቦታ ካለ ደግሞ «ለጋስ»ዎን እዚያ ይመልሱት። መሬት ዘር ተቀብሎ እህል ይሰጣል፣ ሰጪ ነው። ስለ አካባቢዎ ጥቁር አፈር «የጅሩ መረሬ ለጋስ ነው» ቢሉ ባልደረባዎም አይከራከሩዎትም።