ሲያወራ አንደኛ፣ ሲያነብ መጨረሻ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። የሰማውን አይረሳም፣ ታሪክ ሲተርክ አፍ ያስከፍታል። አንድ ገጽ ለማንበብ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። መምህሩ ‹ሰነፍ ነው› ይላሉ።» (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ ሰነፍ ልጅ አንድ ገጽ ይዞ ግማሽ ሰዓት አይታገልም። መጽሐፉን ዘግቶ ይወጣል እንጂ። በቅድሚያ ዐይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩት። ደህና ከሆኑ ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላል። ፊደልን ከድምፁ ጋር ማገናኘት የሚያስቸግርበት የመማር ችግር ነው፣ ከጉብዝና ማነስ አይመጣም። ብዙ ጊዜ በዘር ስለሚሄድ አባቱ ተማሪ ሳሉ እንዴት ያነቡ እንደነበር ይጠይቋቸው፤ ሳቅ ብለው የሚያመልጡ ከሆነ ይጠርጥሩ። የእኛ ፊደል ደግሞ ለእንዲህ ያለ ልጅ አይራራም። 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። ሰና ሸ፣ ነና ኘ የሚለዩት አናታቸው ላይ ባለች ሰረዝ ነው። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው፣ ጠብቆ ይነበብ ላልቶ፣ ከጽሑፉ አይታወቅም።

ቤት ውስጥ ከሚያነበው መስመር ሥር ወፍራም ወረቀት ያስይዙት፣ መስመር እንዳይዘል ይረዳዋል። ትምህርቱን እህት ወይም ወንድም ስልክ ላይ እያነበቡ ይቅዱለት፣ እየሰማ ገጹን በዐይኑ ይከተል። መምህሩን ደግሞ ሁለት ነገር ይለምኑልኝ፦ ክፍል ፊት አቁመው እንዳያስነብቡት፣ አንዳንዱን ፈተና በቃል እንዲጠይቁት። ትምህርት ቤቱ የልዩ ፍላጎት መምህር ካለው ቶሎ ያግኟቸው።

«ዲስሌክሲያ ያለበትን ልጅ ሲያድግ ይተወዋል?» (ከባሕር ዳር)

አይተወውም። የማንበቢያ ዘዴውን ግን ይለምዳል።

«የ16 ዓመት ልጃችንን ትምህርት ቤቱ መርምሮ ‹አይኢፒ› ያስፈልጋታል አለ። ፈርሜ ስሟን ላበላሽ?» (አባት፣ ከሜሪላንድ)

አይኢፒ ለእሷ ብቻ የሚወጣ የትምህርት ዕቅድ ነው። ተጨማሪ የፈተና ሰዓትና ልዩ የንባብ እገዛ ሊኖረው ይችላል። ምርመራውም እገዛውም በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ነው። በ16 ዓመቷ ዕቅዱ ከትምህርት በኋላ ምን እንደምትሆን ጭምር ማካተት አለበት። ስብሰባው ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ክፍያ የለውም። ልጅቷን ግን አስተርጓሚ አያድርጓት። ስለ ራሷ የሚባለውን አለሳልሳ ነው የምትነግርዎ! አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አይኢፒ ኮሌጅ ድረስ አይከተላትም። እዚያ የአካል ጉዳተኞች አገልግሎት ቢሮ ራሷ ሄዳ ማስረጃዋን አሳይታ ነው የምትጠይቀው። ስለዚህ ወረቀቱን እንዳትጥሉት።

«34 ዓመቴ ነው፣ ሱቅ አለኝ፣ ማታ እማራለሁ። 68ን 86 ብዬ እጽፋለሁ። የዱቤ ደብተሬን ሰው ሲያይብኝ አፍራለሁ።» (ከአዳማ)

ወንድሜ፣ ካሬ ካሬ መስመር ያለው ደብተር ግዛ፤ በአንድ ካሬ አንድ ቁጥር ብቻ። ከመጻፍህ በፊት ድምፅህን አውጥተህ «ስልሳ ስምንት» በል። ዱቤውን መጀመሪያ ካልኩሌተር ላይ መትተህ ለደንበኛው አሳየው፣ «ልክ ነው» ሲልህ ወደ ደብተሩ ገልብጠው። ለማታ መምህርህም ከክፍል በኋላ ለብቻው ንገረው፣ ሒሳቡን በትክክል ሠርተህ ቁጥር ብቻ ሲገለበጥብህ ምክንያቱን እንዲያውቅ።