«ኒሻን ተሸላለሙ» ወይስ «ሜዳሊያ ተለዋወጡ»?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የሳይንስ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የግድግዳ መጽሔት ስለ ሁለት የውጭ አገር የሳይንስ ማኅበራት አጭር ጽሑፍ ተርጉሜ ነበር። አንዱ ለሌላው የመታሰቢያ ሜዳሊያ ሰጠ፤ ያኛውም የራሱን ሰጠ። እኔ «ኒሻን ተሸላለሙ» አልኩ። ባልደረባዬ ደግሞ «ሜዳሊያ ተቀባበሉ በል» አለኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ መምህር፣ እኔ ብሆን «ሜዳሊያ ተለዋወጡ» እል ነበር።

«ተቀባበሉ» ሲባል አንድ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ኳስ እንቀባበላለን። በማኅበር ቤትም ጽዋው ከዘንድሮው ደጋሽ ወደ ተረኛው ይሻገራል፤ ጽዋው ግን ያው አንድ ነው። የእርስዎ ማኅበራት የያዙት ሁለት ሜዳሊያ ነው። የአንዱ ወደዚያ፣ የሌላው ወደዚህ ሲሄድ መለዋወጥ ነው።

«ተሸላለሙ»ን ሰዋስው አይከለክለውም። ችግሩ «ሸለመ» ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቃል መሆኑ ነው። ንጉሥ መኳንንቱን ይሸልማል፤ ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪውን ይሸልማል። ለእኩያሞች ግን አይመችም።

«ኒሻን»ስ? ከፋርስ የመጣ ቃል ነው፤ «ምልክት» ማለት ነው። ለዚህ ነው ኢላማንም «ኒሻን» የምንለው። በእኛ አገር ግን የመንግሥት ክብር ሆኖ ቀርቷል፤ የሰሎሞን ማኅተም ኒሻን፣ የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻን እንደሚባለው። ማኅበር ለሚያስቀርጸው ከጣልያንኛ የወሰድነው «ሜዳሊያ» ይበቃል። በድሮ ጽሑፎች «ሜዳይ»ም ያገኛሉ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። «የእገሌ መታሰቢያ» ስንሰማ ሰውየው የሞተ ይመስለናል። የተፈጥሮ ተመራማሪዎቹ የዳርዊንና የዋላስ የዝግመተ ለውጥ ጽሑፎች በለንደኑ የሊኒያን ማኅበር (የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር ነው) የተነበቡት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1858 ነበር። ማኅበሩ ጽሑፎቹ በተነበቡ በ50ኛ ዓመት፣ በ1908፣ የዳርዊን-ዋላስ ሜዳሊያን አስቀረጸ። የወርቁን የተቀበለው ራሱ ዋላስ ነው፤ ያኔ 85 ዓመቱ ነበር። «የዳርዊንና የዋላስ መታሰቢያ ሜዳሊያ ለዋላስ ተሰጠ» ብንል ሽማግሌውን በቁሙ ቀበርነው! የሚታወሰው ዕለቱ ነው። «ጽሑፎቹ የተነበቡበት 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ሜዳሊያ» ቢባል ያምራል። (እዚህ ላይ «ተሸለመ»ም ይሄዳል፤ ማኅበር ሰውን ነው የሸለመው።)

በአካባቢዎ ተቃራኒ ምሳሌ አለልዎ። አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ ላይ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ ነበረው። የልዑኩ መሪ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው አረፈ። ለእሱ ቢሆን «የአንቲኖሪ መታሰቢያ» ማለት ምንም አይጎረብጥም።

እንግዲህ ለመጽሔትዎ «ሁለቱ ማኅበራት የመታሰቢያ ሜዳሊያ ተለዋወጡ» ብለው ይጻፉ፤ የምን መታሰቢያ እንደሆነም ከፊቱ ያስገቡ።