የሚያንኳኳ ራዲያተር፣ የማይሞቅ ክፍል

ጥያቄ፦ ቤታችን የሚሞቀው ምድር ቤት ባለ የእንፋሎት ቦይለር ነው። ሌሊት ቦይለሩ ሲነሳ የመኝታ ቤቱ ራዲያተር በመዶሻ የሚቀጠቀጥ ይመስላል፤ ልጆቹ እየባነኑ ተቸግረናል። ድምፁ እንዲቀንስ ብለን ቫልቩን እስከ ግማሽ ብንዘጋው ጭራሽ ባሰበት።

መልስ፦ የባሰበት በመዘጋቱ ነው። ራዲያተሩ የተገናኘው በአንድ ቧንቧ ብቻ ከሆነ፣ እንፋሎቱ የሚገባውም፣ ቀዝቅዞ ውሃ የሆነው የሚመለሰውም በዚያው ነው። ቫልቩ ግማሽ ሲዘጋ መንገዱ ለሁለቱ ይጠባል። ውሃው መመለሻ አጥቶ ያቁራል፤ ከኋላው የሚመጣው እንፋሎት ያንን ውሃ እያንደረደረ ወስዶ ከብረቱ ጋር ያላትመዋል። እንዲህ ያለ ቫልቭ ወይ ሙሉ ክፍት ወይ ሙሉ ዝግ ነው። ክፍሉ ከመጠን በላይ የሚሞቅ ከሆነ ቫልቩን ከመነካካት ይልቅ ከራዲያተሩ ሌላኛው ጎን፣ ከቫልቩ ተቃራኒ ያለውን የአየር ማስወጫ ቀዳዳው ጠበብ ባለ ይለውጡት።

ቫልቩ ተከፍቶም ማንኳኳቱ ካልተወ የራዲያተሩን አቀማመጥ ይፈትሹ። በቀዘቀዘበት ሰዓት አናቱ ላይ ውሃ ልክ ያሳርፉ። አረፋዋ ወደ አየር ማስወጫው ጎን ጠጋ ካለች ጥሩ ነው፤ ውሃው ወደ ቫልቩ ይወርዳል ማለት ነው። መሀል ላይ ከቆመች ወይም ወደ ቫልቩ ከሄደች፣ በአየር ማስወጫው በኩል ካሉት እግሮች ስር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሽብልቅ ያስገቡ። ራዲያተሩ ከባድ ነውና ለሁለት ያንሱት። ብዙ ከፍ ካደረጉት ደግሞ የቫልቩ መጋጠሚያ ተወጥሮ ማፍሰስ ይጀምራል።

ድምፁ ከምድር ቤት የሚመጣ ከሆነ ግን ዋናውን ቧንቧ ይከተሉት። እንፋሎትና ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚሄዱበት ቧንቧ ላይ ተዳፋቱ በአንድ ሜትር 4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። አንዱ ማንጠልጠያ ላልቶ ቧንቧው ከረገበ ውሃ እዚያ ይተኛል። ማንጠልጠያውን ማጥበቅ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለቦይለሩ የሚቀርቡት ክፍሎች እንደ ምድጃ ይግላሉ፤ መጨረሻ ያለው ክፍል ግን አይሞቅም። ባለሙያ መጥቶ ግፊቱን ከፍ ቢያደርገውም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ግፊቱ ወደነበረበት ይመለስ። የቤት የእንፋሎት ማሞቂያ ከ0.14 ባር ማለትም ከ2 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ አያስፈልገውም። ችግርዎ አየር ነው። ቦይለሩ በጠፋ ቁጥር ቧንቧዎቹ በአየር ይሞላሉ፤ ያ አየር ካልወጣ እንፋሎት የሚገባበት ቦታ የለውም። ግፊት መጨመር አየሩን አያስወጣውም፣ ነዳጅ ያስበላል፣ የአየር ማስወጫዎቹንም ይጎዳል።

ከዋናው ቧንቧ መጨረሻ ይጀምሩ፤ እዚያ ትልቅ የአየር ማስወጫ መኖር አለበት። ቦይለሩ ጠፍቶ ሁሉም ሲቀዘቅዝ ይፍቱትና በአፍዎ ይንፉበት። ትንፋሽዎ ያለ ችግር ካላለፈ ተደፍኗል። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ማስከፈት አንዳንዴ ይሳካል፤ እኛ ግን መለወጡን እንመርጣለን። የራዲያተሩንም እንዲሁ ይፈትሹ። አዲሱን ሲገጥሙ ጥርሱን ቴፍሎን ይጠቅልሉበት፤ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ራዲያተሩ ሙሉ በሙሉ ከጋለ በኋላም እንፋሎት መትፋቱን ካላቆመ አይዘጋም ማለት ነው፤ እሱም ይለወጥ።

የምድር ቤቱ ቧንቧ ራቁቱን ከሆነ እንፋሎቱ ገና ሳይደርስ እዚያው ውሃ ይሆናል። 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፋይበር ግላስ ሽፋን ያልብሱት። ጄሶ የሚመስል አሮጌ ነጭ ሽፋን ካለበት ግን አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አይንኩት።

ጥያቄ፦ የቦይለሩን ውሃ መጠን በሚያሳየው መስታወት የሚታየው ውሃ ከላይ ታች ይናጣል፤ በየሳምንቱም ውሃ እንጨምራለን።

መልስ፦ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ውሃው የሚናጠው አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ላይ ዘይት ስላለ ነው፤ በተለይ ቦይለሩ አዲስ ከሆነ ወይም ቧንቧ ከተቀየረ። ከጎኑ የቅባት ማስወገጃ ቀዳዳ አለው። ውሃው ሙቅ ሆኖ ሳይፈላ፣ በዚያ ቀዳዳ እርሳስ በምታክል ቀጭን ፍሰት ለሰዓታት ይውጣ። ቸኩሎ በብዛት ማፍሰስ ዘይቱን ወደ ታች ይስበዋል እንጂ አያወጣውም።

የውሃው መጉደል የበለጠ ያሳስበናል። አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር ኦክስጅን ይዞ ይገባል፤ ብረቱን የሚበላው እሱ ነው። መጀመሪያ የሚያፏጩ የአየር ማስወጫዎችንና እርጥብ መጋጠሚያዎችን፣ ከዚያ ወለል ስር የተቀበረ የመመለሻ ቧንቧ ካለ እሱን ይጠርጥሩ። ከጭስ ማውጫው ወፍራም ነጭ እንፋሎት ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ ቦይለሩ ራሱ ተበስቶ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያ ይየው።

ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ባለ ተንሳፋፊ ከሆነ፣ በብርድ ወራት በየሳምንቱ እሳቱ እየነደደ የመቆጣጠሪያውን ማፍሰሻ ቫልቭ ከፍተው ወደ ባልዲ ያፍስሱ። መጀመሪያ የሚወጣው እንደ ቡና የጠቆረ ዝገት ነው፤ እስኪጠራ ይጠብቁ። በዚህ መሀል እሳቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ቦይለሩን አጥፍተው እስኪጠገን አያስነሱት።

መስታወቱ ባዶ ሆኖ ቦይለሩ ግሎ ካገኙትም ውሃ አይጨምሩ። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለውን ብረት ይሰነጥቀዋል። አጥፍተው ለሰዓታት ይተዉት፤ እጅዎን አሳርፈውበት ሙቀት የማይሰማዎት ሲሆን ብቻ ይሙሉት።