ናዚም ሃመድ ትርኢት ብቻ አልነበረም

ወንድሜ፣ «እንግሊዛዊው ቦክሰኛ ፕሪንስ ናዚም ሃመድ እውነት ታላቅ ነበር ወይስ ጭፈራው ነው ያገነነው?» ላልከው፣ እኔ ታላቅ ነበር ባይ ነኝ። ትናንት ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ከጓደኞቼ ጋር በዚሁ ስንከራከር አመሸን።

በገመዱ ላይ ተገልብጦ ወደ ሪንግ ሲገባ የሰው ዓይን እዚያው ይቀራል። አንተ ግን ቡጢውን እይ። 37 ጊዜ ተጋጥሞ 36ቱን አሸነፈ፤ 31ዱን በዝረራ! እጁን አውርዶ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ እግሩ ሳይደላደል ይመታል። ከእንዲህ ያለ አቋም ያን ያህል ኃይል ማውጣት የተፈጥሮ ስጦታ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ከኬቨን ኬሊ ጋር ያደረገውን ፈልገህ ተመልከት። እሱም ሦስቴ ወደቀ፣ ኬሊም ሦስቴ። በ4ኛው ዙር ጨረሰው።

በ2001 እ.ኤ.አ. ሜክሲኳዊው ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራ በነጥብ በልጦታል፣ ያ አይካድም። ባሬራ ተረጋግቶ፣ ሳይቸኩል ነው የቀጣው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንዴ ብቻ ተጋጥሞ በ28 ዓመቱ አቆመ። ተመልሶ ባሬራን ቢገጥም ኖሮ ዛሬ ይህን ባልተከራከርን። ለዚህ ነው ከምንጊዜም ምርጥ አምስት ውስጥ የማላስገባው። ታላቅነቱን ግን አልክድም።