የአንባቢያን የሙዚቃ ጥያቄዎች፦ የሙቀጫ ድምፅ፣ የማሲንቆ ቅኝት እና የተሸፈነ ካሜራ

በመሀል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ትናንሽ ክፍሎች እየተሠራ ስለሚደመጠው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባለፈው ዕትም ከጻፍኩ በኋላ በርካታ ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። «አንደርግራውንድ» ስል ለሬዲዮና ለማስታወቂያ ታስቦ ያልተሠራውን፣ ከሰሚ ወደ ሰሚ እየተላለፈ የሚታወቀውን ሙዚቃ ማለቴ ነው። ከአገራችን አዋጅ ቁጥርና «ዓ.ም.» ካልኩት በቀር ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ካጠናቀቀ ወዲህ ከላፕቶፑ ጋር ያድራል። በቀደም ቡና ስወቅጥ ስልኩን ከሙቀጫው አጠገብ አስቀምጦ ድምፁን ቀዳ። ከሳምንት በኋላ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ አድርጎ ያሰማኝ ነገር ግን ዋሻ ውስጥ የሚንከባለል ድንጋይ እንጂ ሙቀጫ አይመስልም። ዜማ የለው፣ ግጥም የለው፤ እሱ ግን «ሙዚቃ ነው» ይለኛል። እውነት ይህ ሙዚቃ ነው? ወይስ ልጄ የፈረንጅ ነገር ይዞት ጊዜውን እያባከነ ነው?

መልስ፦ አዎን፣ ሙዚቃ ነው። «የፈረንጅ ነገር» ስላሉት ግን፣ ነገሩ ከሚያስቡት በላይ ለእርስዎ ቤት ቅርብ ስለሆነ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳዎት። በ1944 ካይሮ ውስጥ ሐሊም ኤል ዳብ የሚባል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረ ግብፃዊ ወጣት፣ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀዳ መሣሪያ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተውሶ ሴቶች ዛር ወደሚያስተናግዱበት ሥርዓት ይዞ ገባ። የቀዳውን ዜማ ስቱዲዮ ወስዶ በማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ እያሰማ መልሶ መላልሶ ቀዳው፤ የድምፁ መነሻ እየደበዘዘ ሄዶ በመጨረሻ የቀረው ግድግዳ ለግድግዳ የሚመላለሰው ጥላው ነበር። በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ በመሥራት ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፆችን ቆራርጦ የሠራውን ሥራ ያሰማው ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው። የዛር ሥርዓት ደግሞ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የተሻገረው ከእኛው አገር እንደሆነ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ። እንግዲህ ልጅዎ በእናቱ ሙቀጫ የሠራው ሥራ ካይሮ ውስጥ በዛር ዜማ ከተጀመረው ሥራ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው።

ታሪኩ ካይሮ ላይ አይቆምም። ሐሊም ኤል ዳብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሲሆን፣ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናንና ከበሮን በአንድ መድረክ ያሰባሰበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1963 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ዋነኛው ነበር። ከዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፈር ቀዳጆች አንዱ ስድስት ኪሎ ላይ ማስተማሩን የሚያውቅ የሙዚቃ ተማሪ ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ የሚያሳዝነው የማገኘው አልፎ አልፎ መሆኑ ነው።

ወደ ሙቀጫው ልመለስ። ዘነዘናው መጀመሪያ ሲያርፍ የቡናው ፍሬ ስንጥቅ ይላል፤ ድምፁም ሹልና ደረቅ ነው። ቡናው እየደቀቀ ሲሄድ ድምፁ ይለዝባል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ዱቄቱ ዘነዘናውን ሲቀበለው እፍን ይላል። እርስዎ ቡናው መላሙን ሙቀጫው ውስጥ ሳያዩ፣ ከሰው ጋር እየተጨዋወቱ በጆሮዎ ብቻ ያውቁታል። ልጅዎ ለሙዚቃ የመረጠው ይህንኑ ጆሮ ነው። ዜማና ግጥም በሌለበት የሚደመጠው የድምፁ ገላ ነው፦ ሸካራነቱ፣ ክብደቱ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ። እንዲያውም ሥራውን ሲያሰማዎት «የቱ ጋ ነው ቡናው የላመው?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካለው በጥንቃቄ እየሠራ ነው፤ መልስ ከሌለው ደግሞ ጥያቄዎ ከብዙ መምህር ትምህርት ይልቅ ይጠቅመዋል።

ስለ እንጀራው ያለዎትን ስጋት አላቃልለውም። በዚህ ሙዚቃ ብቻ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች በየትም አገር ጥቂት ናቸው፤ ድምፅ መቅዳትና ማቀነባበር የቻለ ወጣት ግን ለፊልም፣ ለማስታወቂያና ለሬዲዮ የሚሆን ሙያ በእጁ አለ። ጊዜውን እያባከነ መሆኑን የሚያውቁት የጀመረውን ሥራ የማይጨርስ ከሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ነው የምኖረው፤ በኮምፒውተር ሙዚቃ እሠራለሁ። ትዝታን በሲንተሳይዘር፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥረው ኪቦርድ፣ ስጫወተው ሕይወት የለውም። ችክችካውንም በድራም ማሽን ሳስገባው ሰልፍ የሚሄድ ወታደር ይመስላል። መሣሪያዬን ልቀይር?

መልስ፦ መሣሪያዎን አይቀይሩ። ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ቀጭን አቻው ያለውን ርቀት፣ ለ12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል፤ በእያንዳንዱ ቁልፍ መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንት የሚባል ልክ ነው፤ ይህም አይነቃነቅም። ማሲንቆ ግን ባለ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ነው፤ ጣት በፈለገበት ያርፍበታል፣ ይንሸራተትበታል፤ ክራር ተጫዋቹም ክሩን የሚያጠብቀው ለኪቦርድ ልክ ሳይሆን ለገዛ ጆሮውና አብሮት ለሚዘፍነው ሰው ድምፅ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች በአምስት ድምፅ ይጻፉ እንጂ፣ አምስቱ ድምፆች በኪቦርዱ ቁልፎች ልክ ላይ አይቀመጡም። የእርስዎ ትዝታ ሕይወት ያጣው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ አንድ የሚያምኑትን የክራር ተጫዋች አስቀምጠው እያንዳንዱን ክር ለየብቻው ይቅዱ። በአብዛኞቹ የዛሬ የሙዚቃ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ድምፅ በሴንት ከፍና ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል፣ ሲንተሳይዘሩን ከተቀዳው ክር ጋር አብሮ እያሰሙ ሁለቱ ድምፆች መንቀጥቀጣቸውን አቁመው እስኪገጥሙ ድረስ በጆሮዎ ያስተካክሉት። የተዘጋጀ የቁጥር ሰንጠረዥ ፈልገው አይገልብጡ፤ ከአንዱ ክራር ተጫዋች ወደ ሌላው ልዩነት አለ፤ ልዩነቱም ሀብት ነው። ክራሩን ቆርጦ ለማሽኑ ልክ የሚያደርግ ሰው ክራሩን ያጣዋል። ማሽኑ ነው ለክራሩ መቃኘት ያለበት።

የሸካራ ድምፅ ፍላጎት ካለዎትም ድምፅን ከሚለውጥ የኮምፒውተር ኤፌክት በፊት ወደ በገና ጆሮዎን ያዘንብሉ። የበገና 10 አውታሮች ያን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጡት በእያንዳንዱ አውታርና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል የቆዳ ቁራጭ ስለሚገባ ነው፤ በገና ደርዳሪው እንዚራውን በጥቂቱ እየገፋ ንዝረቱን ይመርጣል። ዛሬ በኤሌክትሪክ የምናመጣውን የተሰነጠቀ ድምፅ አባቶቻችን በቆዳ ይቆጣጠሩት ነበር ማለት ነው። ይሁንና በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ ስለሆነ፣ ከአሠራሩ ይማሩ እንጂ የተቀዳ የበገና መዝሙር ወደ ጭፈራ ቤት እንዳይወስዱ አጥብቄ እመክራለሁ።

ለችክችካው የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው። አብዛኛው የድራም ማሽን ሲከፈት በ16 እርምጃ፣ ማለትም ምት በሚቀመጥባቸው 16 ቦታዎች፣ ስለሚጀምር ለአራት ምት ይመቻል፤ ችክችካ ግን በስድስት ስለሚቆጠር እርምጃውን ወደ 12 ያውርዱት። ቀጥሎ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ የአንድ ከበሮ መቺን ቅጂ ከማሽኑ ሥር አስቀምጠው የትኛው ምት ጥቂት እንደሚዘገይ፣ የትኛው እንደሚቀድም እያዳመጡ የማሽኑን ምቶች አንድ በአንድ ያንቀሳቅሱ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ይወስዳል፤ ወታደሩ ግን ሰልፉን ትቶ እስክስታ ይወርዳል።

ለማዳመጥ እንደ አለቃ ሳይሆን እንደ እኩያ የሚያነጋግሩዎት ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች አሉ፤ ሚካኤል ሰይፉ እና ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ። ሁለቱም ሥራዎቻቸውን ያሳተሙት ዋሽንግተን ዲሲ ባለው 1432 አር በተባለ ትንሽ አሳታሚ ሲሆን፣ የሚካኤል ሰይፉ «ዘላለም» ደግሞ በ2016 በኒውዮርኩ አሳታሚ አርቪኤንጂ ወጥቷል። «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው የጠሩት መንገድ ባህላዊውን ድምፅ እንደ ጌጥ ከላይ አይለጥፈውም፤ ከሥር መሠረት ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ከድሮ ካሴት ላይ ሦስት ሰከንድ ብቻ ቆርጬ ብጠቀም ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ የተጫዋቹና የአሳታሚውም መብት ለብቻው አለ። በሰከንድ የሚለካ ነፃ ፈቃድ የለም። ባለመብቱን ወይም ቤተሰቡን ፈልገው በጽሑፍ ያስፈቅዱ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የጋበዘችኝ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ምሽት ላይ በር ላይ የስልኬን ካሜራ በስቲከር ሸፈኑት። ክፍሉ ጨለማ ነው፣ ድምፁ ደረት ይመታል፣ መድረክም የለም። ምን የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው? በማግስቱም ጆሮዬ ሲጮህ ዋለ።

መልስ፦ ልማዱ የመጣው ከበርሊን ክለቦች ነው። የሙዚቃው ሥር ግን አሜሪካ ነው፦ የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች፣ ኹዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቪን ሳንደርሰን፣ ቴክኖ የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃ ሠሩ፤ ሃውስ የሚባለው ዘመዱም ስሙን ያገኘው ፍራንኪ ናክልስ ሙዚቃ ያጫውትበት ከነበረው ዌርሃውስ ከተባለ የቺካጎ ክለብ ነው። ወደ እነዚህ ክፍሎች የሚመጡት ውጭ ባለው ዓለም የተገፉ ሰዎች ስለነበሩ፣ የማይታዩበትና የማይቀረጹበት ቦታ ያስፈልጋቸው ነበር። ጀርመን በ2024 የበርሊንን ቴክኖ በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገቧ ውስጥ አስፍራለች። ስቲከሩ የሚደብቀው ነገር የለም፤ ሰው ራሱን በስክሪን ሳያይ እንዲጨፍር ነው የሚለጠፈው። እኔም ለሰዓታት አንድም ስልክ ሳይነሣ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው ትከሻቸውን ሲያንቀጠቅጡ ካየሁ በኋላ ደጋፊው ሆኛለሁ።

ተዘግቶ የማደሩም ነገር ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን በሰዓት እላፊው ምክንያት መሀል ከተማ ወደ ሙዚቃ ምሽት የወጣ ሰው በዚያው ይነጋበት ነበር፤ ባንዱም እስከ ማለዳ ይጫወት ነበር። ይልቅ የሚያሳስበኝ ቦታ ማጣታችን ነው። በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ፣ አዝማሪውና አዲስ ነገር የሚሞክረው ሙዚቀኛ ጎን ለጎን የሚቀመጡባቸው ክፍሎች አብረው ሄደዋል። የሚሠሩት አዳዲስ ሕንፃዎች ቢያንስ አንድ ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው፣ ድምፅ የማያወጣ ክፍል ለዚህ ቢተዉ ምንኛ በወደድኩ።

ጆሮዎን በተመለከተ ግን እባክዎ ችላ አይበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለሙዚቃ ቤቶች ያወጣው መለኪያ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) እንዳይበልጥ ይላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮ የሚታገሠው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 85 ዴሲቤልን 8 ሰዓት የሚችል ጆሮ 100 ዴሲቤልን የሚችለው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የጆሮ መሰኪያ ይያዙ፣ ከስፒከሩ ራቅ ይበሉ፣ በየመሀሉም ወጥተው ጆሮዎን ያሳርፉ። ጩኸቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ሥራ ያለው አጭር አልበም ጨርሰናል። ማሲንቆም አለበት። አሳታሚ የለንም። እንዴት እናውጣው?

መልስ፦ በዚህ ሙዚቃ ዙሪያ ያሉ ሰሚዎች አዲስ ሥራ የሚፈልጉትና የሚገዙት በአብዛኛው ሙዚቀኞች ሥራቸውን በቀጥታ በሚሸጡበት ባንድካምፕ በተባለ ድረ ገጽ ላይ ነው። ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው 15 በመቶ ሲሆን፣ ከ2020 ጀምሮ በተመረጡ ዓርቦች ድርሻውን ለሙዚቀኛው ይተዋል፤ ብዙ ሙዚቀኞች አዲስ ሥራ የሚያወጡት በእነዚያ ቀናት ነው። የውጭ ምንዛሪ ክፍያ ከዚህ አገር ሆኖ መቀበል አድካሚ ስለሆነ ከማውጣታችሁ በፊት የክፍያውን መንገድ አጣሩ። ከአህጉራችን ደግሞ ካምፓላ ያለው ንዬጌ ንዬጌ ቴፕስ የተባለ አሳታሚ ከ2016 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን በትጋት ያሳትማልና፣ ሁለት ሥራ መርጣችሁ ብትልኩላቸው አትከስሩም።

ካሴትም አትናቁ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ የሠራውን ካሴት ባሕር ዳር ላይ ያገኘው አሜሪካዊ ሰብሳቢ በ2013 በሸክላ ዳግም አሳተመው፤ በዚያ ጊዜ ታክሲ ይነዳ የነበረው ሙዚቀኛም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። ካሴቱ ላይ የኃይሉ ስም ባይጻፍ ኖሮ ሰብሳቢው ሙዚቀኛውን ፈልጎ ማግኘት ይቸግረው ነበር። እናንተም በሽፋኑ ላይ የተቀዳበትን ቀንና ሰፈር፣ የሦስታችሁን ሙሉ ስም፣ የማሲንቆ ተጫዋቹንም ስም በእናንተው ፊደል መጠን ጻፉ፤ ከሽያጩ የሚደርሰውንም ድርሻ ሥራው ከመውጣቱ በፊት በወረቀት ተስማሙ።