«ፓስ አለህ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሲያትል ነው የምንኖረው፣ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ኳስ በግራ መስመር ይጫወታል፣ ፈጣን ነው ብለሻል። አንድ ሰው ደግሞ «በ4,800 ዶላር ጀርመን ወስጄ ክለብ አስሞክረዋለሁ፣ ፑሊሲችም የጀመረው እንዲህ ነው» ብሎሻል። ልላከው ወይስ ይቅር ነው ጥያቄሽ።

እኔ ልኬ አይቼዋለሁ። ስለዚህ መልሴ ረዘም ቢል ታገሺኝ።

መጀመሪያ ሰውየው ስለጠራው ልጅ ላውራ። ታሪኩን ግማሹን ነው የነገረሽ።

የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ኮከብ ክርስቲያን ፑሊሲች (አሜሪካኖቹ ፑሊሲክ ነው የሚሉት) በ1998 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሄርሺ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያቺ የቸኮሌቷ ከተማ። እኛ ሜሪላንድ ያለን ሰዎች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ለማዝናናት የምንነዳላት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ የምትርቅ። አባትና እናቱ ሁለቱም ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ኳስ ተጫውተዋል። አባትየው በቤት ውስጥ ኳስ ፕሮፌሽናል ሆኖ ተጫወተ፣ ቀጥሎ አሰልጣኝ ሆነ። ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ እያለ እናቱ በመምህራን ልውውጥ እንግሊዝ ስለሄደች ቤተሰቡ አንድ ዓመት እዚያ ኖሯል። ከፍ ሲል ደግሞ ፍሎሪዳ ብራደንተን፣ የአሜሪካ ታዳጊ ብሔራዊ ቡድን ካምፕ ገባ። የጀርመኑ ክለብ ዶርትሙንድ ያየው በብሔራዊ ቡድን ማሊያ ሲጫወት ነው። ከፍሎ ለሙከራ የሄደ ልጅ አይደለም።

እሱም ይቅር። ዋናው ነገር አያቱ ናቸው።

አያትየው ኦሊብ በምትባል የክሮኤሽያ ደሴት የተወለዱ ናቸው። በሳቸው በኩል ልጁ የክሮኤሽያ ፓስፖርት አወጣ። ክሮኤሽያ የአውሮፓ ህብረት የገባችው በ2013 ነው። ፑሊሲች ዶርትሙንድ የገባው በ2015 መጀመሪያ፣ በ16 ዓመቱ። ዘመኑ ራሱ እንዴት እንደገጠመለት እዪልኝ።

ይሄ ለምን አስፈለገ? ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለን ተጫዋች ከአገር አገር ማዛወር ስለሚከለክል ነው። ጥቂት ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው አውሮፓ ህብረት ውስጥ ከ16 እስከ 18 ላሉ ልጆች የተከፈተው ነው። ሌላው ወላጅ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት አገር ሲቀይር ነው። «ልጄን ላጫውት ብዬ ነው የመጣሁት» ካልሽ አለቀ፣ አይሠራም። እንግሊዝማ ከህብረቱ ከወጣች ወዲህ ክለቦቿ ከ18 በታች የውጭ ልጅ ጨርሶ ማስፈረም አይችሉም።

እና ያ ወረቀት ምን አተረፈለት? 18 ዓመት ሳይሞላው በጀርመን ከፍተኛው ሊግ፣ በቡንደስሊጋ ተሰልፏል፣ ጎል አግብቷል፣ ለአሜሪካ ዋና ብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል። ወረቀቱ ባይኖር ያን ሁሉ ጊዜ እዚሁ ቁጭ ብሎ ልደቱን ይጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልመለስ።

የእኔም ልጅ የግራ መስመር ተጫዋች ነው። በ2018 ሐምሌ ዶርትሙንድ ከሊቨርፑል ጋር ሻርሎት ላይ ሲጫወት ስድስት ሰዓት ነድቼ ወሰድኩት። ፑሊሲች በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ጎል አገባ። ስታዲየሙ አበደ። የእኔ ልጅ ግን በመኪና ስንመለስ ስለ ጎሎቹ ሳይሆን ስለ ማሟሟቂያው ነው ያወራው። «አባዬ፣ ኳስ ሳይደርሰው ሁለት ጊዜ ዞሮ ያያል። እኔ አንድ ጊዜም አላይም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ልጆቻችንን በአብዶ ነው የምንለካቸው። እዚያ የሚለካው ኳሷ እግርህ ሥር ከመድረሷ በፊት ያለው ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁ እንቅልፍ አጣ። አውሮፓ፣ አውሮፓ፣ አውሮፓ። በዓመቱ ጸደይ ላይ አንድ «ወኪል ነኝ» ባይ መጣ። ስሙን አልጠራም፣ የሱ ቢጤ ብዙ ነው። 5,200 ዶላር ከትኬት ውጪ። «ሁለት ክለብ ይሞክራል፣ መልማዮች ይመጣሉ፣ ቪዲዮ ይቀረጻል።» እኔ ያኔ ቀን አንድ ሥራ፣ ማታ ኡበር ነበርኩ። እቁቤን አስቀድሜ ወሰድኩና ከፈልኩ። ባለቤቴ ተቃውማ ነበር፣ ይሄም ይመዝገብልኝ።

የዘጠኝ ቀን ጉዞ ነበር። አብሬው ሄድኩ። ሦስት ቀን እርስ በርሳቸው ልምምድ፣ አንድ ቀን ከተማ ጉብኝት። በአምስተኛው ቀን አንዲት ትንሽ ከተማ ወዳለ ክለብ ወሰዱን። ሰው ሠራሽ ሣር፣ ዝናብ፣ 22 ልጆች። ቁጥር በፕላስተር ደረታቸው ላይ ለጠፉላቸው። የእኔው 14 ቁጥር ነው። የግራ መስመር አጥቂ ሦስት ስለነበሩ ቀኝ ተከላካይ አደረጉት። 35 ደቂቃ ተጫወተ። ጥሩም ነበር፣ ባልዋሽሽ።

ሲያልቅ ማስታወሻ ደብተር የያዘ አንድ ሽማግሌ አሰልጣኝ ጠራው። የመጀመሪያ ጥያቄው «ፓስ አለህ?» ነበር። ልጄ ፊቱ በራ። «አዎ! በሁለቱም እግሬ!» አለው።

ሰውየው ሳቀ፣ ግን አላሾፈበትም። በጀርመንኛ ፓስ ማለት ፓስፖርትም ነው። የአውሮፓ ፓስፖርት አለህ ወይ ነው የጠየቀው። ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት አሳየነው። ደብተሩን ከደነና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «18 ሲሞላው» አለኝ። ያ ነው። 5,200 ዶላር ከፍዬ የሰማኋት ብቸኛ እውነተኛ ነገር እሷ ናት። ወኪሉ ያን ሕግ አያውቅም ነበር ብዬ አላምንም።

ስለዚህ የልጅሽን እግር ከማየትሽ በፊት መሳቢያሽን ክፈቺ። የኢትዮጵያ ፓስፖርትም የአሜሪካም ለዚህ አይረዱም። ግን ብዙዎቻችን አሜሪካ የገባነው በጀርመን፣ በጣልያን፣ በስዊድን ዞረን ነው። ያንቺ ወይም የአባቱ ዜግነት በዚያ በኩል የሆነ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ገዲዮን ዘላለምን አስታውሺ። መሀል ሜዳ ነው የሚጫወተው፣ የመስመር ተጫዋች አይደለም፣ ግን የኛው ልጅ ነው። በርሊን ተወለደ፣ ሜሪላንድ አደገ፣ ለጀርመን ታዳጊዎች ተጫወተ፣ በ2013 ገና በ16 ዓመቱ አርሰናል ገባ። እኛ ሰፈር ያኔ የነበረውን ደስታ ባየሽ። በጥር 2014 በኤፍኤ ካፕ ተቀይሮ ሲገባ የማያውቀው ሰው ሁሉ «ዘመዴ ነው» ይል ነበር። ከዚያ ውሰት፣ ስኮትላንድ፣ ሆላንድ፣ በ2017 ከባድ የጉልበት ጉዳት። በኋላ አሜሪካ ተመልሶ በኒውዮርክ ሲቲ በ2021 የኤምኤልኤስ (የአሜሪካ ትልቁ ሊግ) ዋንጫ ካነሳው ቡድን ውስጥ ነበር። የሱን መንገድ ውድቀት የሚል ሰው ስሰማ ይናደኛል። አርሰናል ዋና ቡድን ድረስ የደረሰ ልጅ ነው!

ወረቀቱ አለ እንበል። ቀጥሎ የምትጠይቂው ማን አብሮት ይሄዳል የሚለውን ነው። ፑሊሲች ዶርትሙንድ ሲገባ አባቱ አብሮት ሄዷል። ክለቡም ውስጥ ታዳጊ አሰልጥኗል። የ16 ዓመት ልጅ ልምምድ ጨርሶ ሲመለስ ቤት ውስጥ አባት አለ።

የእኔ ልጅ 18 ሲሞላው እንደገና ሄደ፣ በዚህኛው ብቻውን። በቋንቋ ተማሪ ቪዛ፣ አምስተኛው የሊግ እርከን ላይ ያለ ክለብ። ለምን በተማሪ ቪዛ ብትይ፣ ጀርመን ለውጭ ተጫዋች የሥራ ፈቃድ የምትሰጠው ደሞዙ በሕግ ከተቀመጠ መጠን ካላነሰ ነው። አምስተኛ እርከን ያን አይከፍልም። የመጓጓዣና አንዳንዴ የምሳ ነው የሚሰጡት። ጠዋት ጀርመንኛ፣ ማታ ልምምድ። እሁድ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። በብርዱ ወራት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። እናቱ የላከችውን ሽሮ ሲያልቅበት እንዳያሳስባት ለእኔ ብቻ ነበር የሚነግረኝ። አንድ ጊዜ በቪዲዮ ሲደውል ካፖርቱን ለብሶ አልጋ ላይ ተቀምጧል። «ማሞቂያው ተበላሽቶ ነው?» ስለው «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» አለኝ። ያቺን ቀን አልረሳትም።

በሁለተኛው ዓመት የታፋ ጡንቻው ተቀደደ። የመስመር ተጫዋች በሽታ ነው፣ ቆሞ መሮጥ፣ ቆሞ መሮጥ። ተመለሰ።

ፑሊሲችም ከዚያ አላመለጠም። በነሐሴ 2020 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ አርሰናል ላይ በአምስተኛው ደቂቃ አገባ። በሁለተኛው አጋማሽ ሌላ ጎል ሊያገባ ሲሮጥ ያው የታፋ ጡንቻው ለቀቀው። ቼልሲ በ64 ሚሊዮን ዩሮ የገዛው ልጅ ነው። በርንሌይ ላይ በቀኝ፣ በግራና በጭንቅላት ሦስት ጎል ያገባ ልጅ ነው። አሰልጣኙ ቱኼል ሲመጣ፣ ያው ዶርትሙንድ እያለ ያሳደገው ቱኼል፣ ብዙ ጊዜ ቤንች ላይ አስቀመጠው። በ2021 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ሪያል ማድሪድ ሜዳ ላይ አገባ፣ ለፍጻሜው ግን ተቀይሮ ነው የገባው። እንዲያም ሆኖ በዚያ ፍጻሜ የተጫወተ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ወንድ ሆነ። በ2023 ሚላን ሲገዛው ዋጋው 20 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ወርዷል። ብዙ ሰው አበቃለት ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በሴሪ አ 12 ጎል አገባ፣ አብዛኛውን ከቀኝ መስመር እየተነሳ። ይሄንን የምነግርሽ ልጅሽ «ግራ ካልሆነ አልጫወትም» የሚል ከሆነ ነው። የእኔው ይል ነበር።

አሁን ስለ ሲያትል። አጠገብሽ ጥሩ ምሳሌ አለልሽ፣ ጆርዳን ሞሪስ። የመርሰር አይላንድ ልጅ፣ የመስመር አጥቂ። ስታንፎርድ ተማረ፣ በ2015 የኮሌጅ ሻምፒዮን ሆነ። በ2016 መጀመሪያ ጀርመን ሄዶ ቨርደር ብሬመን ጋር ልምምድ ሠራ፣ ክለቡ ፈልጎትም ነበር። እሱ ግን ተመልሶ ለሲያትሉ ክለብ ለሳውንደርስ ፈረመ። በዚያው ዓመት ዋንጫ በላ። በ2021 በውሰት ስዋንሲ ሲሄድ ገና በጥቂት ሳምንት ጉልበቱ ተጎዳ። አውሮፓ ለሱ ያችው ነች። ሙያውን ግን እቤቱ ሠርቶታል።

ብሬንደን አሮንሰንን ደግሞ እዪ። ፊላደልፊያ አካዳሚ አደገ፣ ለዋናው ቡድን ተጫወተ፣ በ20 ዓመቱ የኦስትሪያው ሳልዝበርግ ገዛው። ተገዝቶ ሄደ እንጂ ከፍሎ አልሄደም።

እኔ ብሆን ገንዘቡን አስቀምጬ ልጁን ሳውንደርስ አካዳሚ የሚታይበትን መንገድ አፈላልግ ነበር። አብዛኞቹ የኤምኤልኤስ አካዳሚዎች ከወላጅ ክፍያ አይጠይቁም፣ እናንተ አሁን ለትራቭል ቡድን ከምትከፍሉት አንጻር ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ ቡድናቸውም ከትልልቅ ሰዎች ጋር ይጫወታል። እዚያ ያለ ልጅ አውሮፓ ከፈለገው መጥቶ ያየዋል። አልወሰዱትም? ጥሩ ሁለተኛ ደረጃ ቡድን፣ ጥሩ ውጤት፣ ኮሌጅ። አንድ ነገር ብቻ፦ የትም ቦታ ምንም ወረቀት ከመፈረሙ በፊት የኮሌጅ ኳስ እንዳያሳጣው ጠይቂ። ሕጉ ይቀያየራል፣ ከኮሌጁ ራሱ ነው መስማት ያለብሽ።

ሰውየውን ግን በደንብ አናግሪው። የክለቡን ስም በጽሑፍ ይስጥሽና ራስሽ ለክለቡ ኢሜይል ላኪ። በክለቡ ስም በሚያልቅ አድራሻ የተጻፈ ግብዣ ካላሳየሽ ስልኩን ዝጊው። ከዚያ «ልጄ 16 ሲሞላው በየትኛው የፊፋ ሕግ ነው የሚመዘገበው?» በይው። የእኔውን ሰውዬ ብጠይቀው ኖሮ ምን ይል እንደነበር አለማየቴ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ልጄ አሁን 22 ዓመቱ ነው። ኮሌጅ ይማራል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የ10 ዓመት ልጆች ያሰለጥናል። የመጀመሪያው ትምህርቱ «ዞረህ እይ» ነው፣ ኳስ ሳይሰጣቸው። ስለ ጀርመን ልጅሽን በስልክ ለማናገር ፈቃደኛ ነው፣ ጠይቄዋለሁ። በውስጥ ጻፊልኝና ቁጥሩን እልክልሻለሁ። እሁድ ብቻ አትደውሉለት፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይተኛል።