«አልተረጋገጠም» እና «አልተፈቀደም»

ጥያቄ፦ የምንገለገልበትን የኮምፒውተር ሥርዓት መልእክቶች በአማርኛ እየጻፍን ነው። መግባት ላልቻለ ሰው «ተጠቃሚው አልተረጋገጠም»፣ ገብቶ ሰነድ እንዳይከፍት ለተከለከለ ደግሞ «ተጠቃሚው አልተፈቀደም» ብለናል። ባልደረቦቼ ሁለቱ አንድ ናቸው ይላሉ። «የመዳረሻ ፈቃድ» እና «የአስተዳዳሪነት መብት» የሚሉትስ ያስኬዳሉ?

መልስ፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን ልዩነቱን የሸፈነባቸው የዐረፍተ ነገሮቹ አገባብ ስለሆነ ባልደረቦችዎ አይፈረድባቸውም።

«አረጋገጠ» ተሳቢ ይፈልጋል፤ ተሳቢው ግን እንደ ወሬ፣ እንደ ፊርማ ወይም እንደ ማንነት እውነትነቱ የሚያጠራጥር ነገር እንጂ ሰውየው ራሱ አይደለም። «ሰውየውን አረጋገጥነው» ብንል ሰሚው «ምኑን?» ማለቱ አይቀርም። የሥርዓቱም አሠራር ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ የመለያ ስሙን ያስገባ ሰው «እገሌ ነኝ» ብሏልና የይለፍ ቃሉ፣ በስልኩ የሚደርሰው የአንድ ጊዜ ኮድ ወይም የጣት አሻራው ለዚያ አባባሉ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ «ማንነትዎ አልተረጋገጠም» ይበሉ።

«ፈቀደ» ደግሞ የሚፈቀደውን ድርጊትና የሚፈቀድለትን ሰው ለይቶ ያስቀምጣል፤ «ተፈቀደለት» በሚለው ውስጥ ያለው «ለት» ሰውየውን ያመለክታል። «ተጠቃሚው አልተፈቀደም» ሲባል ግን ሰውየው ራሱ የተከለከለ ዕቃ ይመስላል፣ ምን ማድረግ እንደተከለከለም አይታወቅም። ዩኒክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና እያንዳንዱ ፋይል የማንበብ፣ የመጻፍና የማስኬድ ፈቃዶች አሉት፤ እነዚህም ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌሎች በየፊናቸው ይወሰናሉ። ማንነቱ ያለ ጥርጥር የታወቀ ሰው ማንበብ ተፈቅዶለት መጻፍ ሊከለከል ስለሚችል፣ መልእክቱ ድርጊቱን ጠርቶ «ይህን ሰነድ ለማሻሻል ፈቃድ የለዎትም» ቢል ይሻላል። የመጀመሪያው መልእክት የደረሰው ሰው የይለፍ ቃሉን አስተካክሎ እንደገና ይሞክራል፤ ሁለተኛው የደረሰው ግን መቶ ጊዜ ወጥቶ ቢገባ ለውጥ አያገኝምና የሚያዋጣው አስተዳዳሪውን መጠየቅ ነው።

ይህ ድብልቅ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በድር መገናኛ ደንብ በኤችቲቲፒ ቁጥር 401 የሆነው ምላሽ በእንግሊዝኛ ስሙ «ያልተፈቀደለት» ማለት ሲሆን፣ በተግባር የሚናገረው ማንነትን የሚያረጋግጥ ተቀባይነት ያለው ማስረጃ አለመቅረቡን ነው። ፈቃድ የለህም ማለት የተለመደው በ403 ነው። ስሙን ብቻ አይቶ የሚተረጉም ሰው ስህተቱንም አብሮ ይወርሳል። የእኛው «የይለፍ ቃል» እንኳ ከዚህ ነጻ አይደለም፤ «ይለፍ» የፈቃድ ትእዛዝ ሲሆን ቃሉ የሚሠራው ግን ማንነትን ማስመስከር ነው። ሥር ሰዷልና ይሁን።

«የመዳረሻ ፈቃድ» የሚለውን ግን ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ። መዳረሻ በአማርኛ የጉዞ መጨረሻ ነው፤ በየመተግበሪያው ቢለመድም ምን እንደተፈቀደ አይናገርም። «የመግባት ፈቃድ»፣ «የማንበብ ፈቃድ» እያሉ ድርጊቱን መጥራት ይቀላል።

«የአስተዳዳሪነት መብት» የሚለውንም ስህተት ነው አልልም፤ ሆኖም መብት በሕግ ወይም በተፈጥሮ የሚገባ ነገር ስለሆነ፣ አስተዳዳሪ ዛሬ ሰጥቶ ነገ ለሚያነሳው «ፈቃድ» ይበልጥ ይስማማዋል።